ደሙ እስኪመጣ፦ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የወለጋ መንገድ

በመኪና አደጋም ይሁን በጥይት የተጎዳ ሰው ነቀምቴ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ነርሷ ከሁሉ በፊት ቫይታል ሳይን ትይዛለች፤ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ ትንፋሽ፣ ሙቀት። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ካርዱ ላይ የሚሰፍሩት ቁጥሮች ግን ለአንድ አስጨናቂ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ናቸው፦ ይህ ሰው ደም ያስፈልገው ይሆን?

ጥያቄውን አስጨናቂ የሚያደርገው መልሱ ቀድሞ መገኘት ያለበት መሆኑ ነው። የደም ዓይነቱ እስኪለይ፣ ከታማሚው ደም ጋር መስማማቱ (ክሮስማች) እስኪረጋገጥ፣ ደሙ ከባንክ እስኪወጣ፣ ካልተገኘም ዘመድ ተጠርቶ እስኪለግስ ጊዜ ይሄዳል። ሐኪሙ ቁስለኛው ሲዝለፈለፍ እስኪያይ ከጠበቀ ረፍዶበታል። ሳያስፈልግ ደም ካዘዘ ደግሞ ነገ ወልዳ ለምትደማ እናት የሚሆነውን ከረጢት ጨርሷል። ስለዚህ ይገምታል፤ ግምቱንም በቁጥር ይደግፋል።

የወለጋ ሰው የዚህን ግምት ታሪክ በቁርጥራጭ ያውቀዋል። ስዊድኖች ነቀምቴ ላይ ሆስፒታል እንደከፈቱ፣ ጥቁር አንበሶች ቦነያ ላይ የጣሊያንን አውሮፕላኖች እንዳቃጠሉ፣ ደም ይሰበስብ የነበረው ቀይ መስቀል እንደነበር ሰምቷል። እነዚህ ነገሮች የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸው ግን እምብዛም አይነገርም። ቀጥሎ የውጭው ዓለም ዓመታት በእ.ኤ.አ.፣ የአገር ቤቱ ደግሞ በአብዛኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀርበዋል።

ከ1733 እስከ 1905 እ.ኤ.አ.፦ ከፈረሷ እስከ ማዳመጫው

የደም ግፊትን መጀመሪያ የለኩት እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ናቸው። አንዲት ፈረስ አስተኝተው ደም ቅዳዋ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገቡና ደሙ በረዥም የመስታወት ቱቦ ሽቅብ ሲወጣ አዩ፤ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። ሄልስ በዚህ አላበቁም። ከፈረሷ ደም በልክ እየቀዱ፣ በቀዱ ቁጥር ቱቦው ውስጥ ያለው ደም የት እንደደረሰ መዘገቡ። ውጤቱን በ1733 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረዋል።

ያ ሠንጠረዥ ለዛሬ ሐኪም ትልቅ ነገር ይነግረዋል። ደሙ በተቀዳ መጠን ግፊቱ ደረጃ በደረጃ እኩል አልወረደም፤ አንዳንዴ ይወርዳል፣ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ከፍ ይላል። የፈረሷ ሰውነት የጎደለውን ለመሸፈን ይታገል ነበር። ወደ መጨረሻው ላብ አጠመቃት፤ ላቡም ቀዝቃዛ ነበር። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ያንን ቀዝቃዛ ላብ ያውቀዋል። ኋላ ሐኪሞችን ለሁለት መቶ ዓመት ያታለለው ነገር፣ ማለትም ግፊት ብቻውን የጠፋውን ደም እንደማይናገር፣ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ተጽፎ ነበር። አንብቦ የተጠቀመበት ግን አልነበረም።

ሰው ላይ ቱቦ ሳይሰኩ፣ ክንድ ላይ በሚጠመጠም መለኪያ ግፊት ለመለካት ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ፈጀ። በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ ክንድ ላይ የሚጠመጠመውን በሜርኩሪ የሚሠራ መለኪያ ይፋ አደረጉ። ያ ዓመት የዓድዋ ዓመት ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን አዲስ አበባ ገብቶ ቁስለኞችን አከመ፤ ከዚያ ሥራ የሩሲያ ሆስፒታል ተወለደ፣ በኋላም በስፍራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቆመ።

ዛሬ በየጤና ጣቢያው የምናየውን፣ ማዳመጫ ክንድ ላይ አድርጎ ግፊት የመለካቱን ዘዴ ያገኙትም ሩሲያዊ ናቸው። ወጣቱ ቀዶ ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ በሩስያና ጃፓን ጦርነት ወቅት የደም ሥራቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክሙ ነበር። የቆሰለውን ሥር ቢያስሩት እጅና እግሩ ይተርፍ እንደሆነ ለማወቅ ሥሩን ማዳመጥ ጀመሩ፤ ሲያዳምጡም ግፊቱ ሲላላ የሚሰማውን ድምፅ አገኙ። በ1905 ሴንት ፒተርስበርግ ላይ ግኝታቸውን ያቀረቡት በአጭር ንግግር ነበር። የደም ግፊት ሲባል ዛሬ ትዝ የሚለን የስኳርና የልብ ሕመምተኛ ነው፤ ዘዴው ግን የመጣው ከቁስለኛ አልጋ ነው።

ከ1911 እስከ 1924 ዓ.ም.፦ ሐኪሞቹ ወለጋ ሲገቡ

የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አገሩን ካደቀቀ በኋላ፣ በ1919 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን በኩል ተሻግረው ሰዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ ገቡ። ላምቢ ኋላ አዲስ አበባ ሄደው ጉለሌ ላይ ሆስፒታል ያሠሩ፣ ከዚያም የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ የሆኑ ሰው ናቸው። ነቀምቴ ላይ ደግሞ ወንጌላዊው ኦነሲሞስ ነሲብ ከስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ጋር በ1896 ዓ.ም. የጀመሩት ሥራ ትምህርት ቤት አፍርቶ ነበር፤ የሕክምናው ሥራም ተከተለ። ስዊድናዊው ሐኪም ኤሪክ ሶደርስትሮም በከተማዋ ሠሩ፤ ሆስፒታሉም በ1924 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን አይራ ላይ ሰፈረ። ጊምቢም ቆይቶ የአድቬንቲስት ሆስፒታሉን አገኘ። እንዲህ እያለ፣ ከአዲስ አበባ በበቅሎ ብዙ ቀን የሚያስኬደው ምዕራብ፣ ከመንግሥት ሐኪም ቀድሞ የሚሲዮን ሐኪም አየ።

ደም ግን አላየም። ከዚያ ቀደም ብሎ በውጭው ዓለም ትልቅ ለውጥ ሆኖ ነበር። ካርል ላንድስታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይተዋል። በ1914 እና 1915 ሲትሬት የሚባለው ጨው ደም እንዳይረጋ እንደሚያደርግ ታወቀ። በ1917 ወጣቱ ሐኪም ኦስዋልድ ሮበርትሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ግንባር ቀድሞ የተቀዳ ደም በበረዶ አቆይተው ለቁስለኛ ሰጡ። ደም ቀድሞ ሊቀመጥ ከቻለ ደግሞ ጥያቄው ተለወጠ፦ ለማን ይሰጥ? ፊዚዮሎጂስቱ ዋልተር ካነን በዚያው ጦርነት ከቁስለኞች አጠገብ ተቀምጠው ግፊታቸውን እየለኩ ይህንኑ ፈለጉ። እርሳቸውና ጓደኞቻቸው ሾክ የሚባለውን ነገር ምንነት ሲከራከሩበት ቆዩ፤ ከቁስሉ የሚወጣ መርዝ ነው የሚሉ ነበሩ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አልፍሬድ ብላሎክ ዋናው ነገር የጠፋው ደምና ፈሳሽ መሆኑን በሙከራ እስኪያሳዩ ድረስ ክርክሩ አልረገበም።

ይህ ክርክር ለነቀምቴ ቁስለኛ ትርጉም ነበረው። ምክንያቱ መርዝ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ይፈለግለት ነበር። ምክንያቱ የደም መጉደል ከሆነ ግን መፍትሔው ደም ነው፤ ደም ደግሞ ከሰው ካልተቀዳ አይገኝም።

1928 ዓ.ም.፦ ቦነያ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጦርነቱ ደጃፍ ላይ ነበር። የውጭ አምቡላንሶች፣ ማለትም የእንግሊዝ፣ የስዊድን፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድና የሆላንድ የሕክምና ቡድኖች መጡ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድኑን አምቡላንስ ደበደቡ፤ መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ሲቆስሉ ባልደረባቸው ጉናር ሉንድስትሮም ሞቱ።

አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ጎሬ የመንግሥቱ መጠጊያ ሆነች። ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የተረፉ ወጣት መኮንኖችና ውጭ ተምረው የተመለሱ ልጆች ነቀምቴ ላይ ጥቁር አንበሳ የሚባለውን ማኅበር አደራጁ። ሊቀ መንበራቸው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ሜዳ ላይ ሲያርፉ ጥቁር አንበሶች በሌሊት ደርሰው አቃጠሏቸው፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ ከመጡት አብዛኞቹን ገደሉ።

ከቦነያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ በነሐሴ ወር፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሐኪሙ ፍሬዴሪክ ዱራን ዮርዳ ባርሴሎና ላይ ከከተማ ሰው ደም እየሰበሰቡ በመኪና ወደ ግንባር መላክ ጀመሩ። በዓለም የመጀመሪያው የተደራጀ የጦር ሜዳ ደም አቅርቦት ይባላል። ሁለቱም ሕዝቦች አንድን ፋሺዝም ነበር የሚዋጉት። የባርሴሎና ቁስለኛ ደም ሲላክለት የወለጋው አርበኛ የሚጠብቀው ጨርቅና ፈጣሪ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ደም ማቆያ፣ መንገድና ድርጅት በሌለበት፣ የልብ ምትን የሚቆጥር ሰው ቢኖር እንኳ ቁጥሩን ይዞ ወደ የትም መሄድ እንደማይቻል ለማሳየት ነው። ወለጋ ውስጥ ይህ ችግር ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመልሷል።

ከ1940 እስከ 1969 እ.ኤ.አ.፦ ሁለቱን ቁጥሮች ያጋቡት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሮናልድ ግራንትና ኢ. ቢ. ሪቭ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሐኪሞች በአየር ድብደባ የተጎዱ ሰዎችን በጥንቃቄ አጠኑ። አንዳንዱ ብዙ ደም አጥቶ ግፊቱ ደህና ነው፤ አንዳንዱ ትንሽ አጥቶ ግፊቱ ወድቋል። ስለዚህ ከክንድ መለኪያው ይልቅ ቁስሉን ማየት ጀመሩ፤ የተጎዳው ሥጋ አንድ እጅ የሚያክል ከሆነ ከሰውየው ደም አንድ አሥረኛ ያህል ሄዷል ብለው ገመቱ። መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ለገጠር ሐኪም የሚመች ስሌት ነው። ጉዳቱ ሆድ ወይም ደረት ውስጥ ሲሆን ግን እጅ አይለካውም።

ትልቁ መታጠፊያ በ1967 መጣ። ማርቲን አልጎወርና ካዩስ ቡሪ የተባሉ ቀዶ ሐኪሞች በጀርመንኛ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር፦ ደም ሲጎድል ሰውነት የልብ ምትን ያፋጥናል፣ የዳር ሥሮችንም ያጠባል፤ በዚህ ዘዴ ግፊቱን ለጊዜው ይዞ ያቆያል። እንግዲያው ምቱ ሲጨምርና ግፊቱ ሲቀንስ ለየብቻቸው ከማየት ለምን አንዱን ለሌላው አናካፍልም? የልብ ምት ለላይኛው የደም ግፊት ሲካፈል የሚገኘውን ቁጥር ሾክ ኢንዴክስ አሉት።

ምቱ 72፣ ላይኛው ግፊት 120 የሆነ ሰው ሲካፈል 0.6 ይሆናል፤ ይህ ጤነኛ ነው። ምቱ 110፣ ግፊቱ 110 የሆነ ቁስለኛ እንውሰድ። ግፊቱን ብቻ ያየ ሰው «ደህና ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ አልጋ ይሄዳል። ሲካፈል ግን 1 ነው፤ ምቱ ግፊቱን ደርሶበታል ማለት ነው፤ ውስጥ የሚደማ ነገር እንዳለ መጠርጠር ያስፈልጋል። ለዚህ ላቦራቶሪ አያሻም። ሰከንድ ያለው ሰዓት፣ የክንድ መለኪያና አራተኛ ክፍል የሚማሩት ማካፈል ይበቃል። ከዚህ ሙያ ግኝቶች ሁሉ ለእንደኛ ዓይነቱ አገር የሚመጥን ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሚያሳዝነው ለረጅም ጊዜ የሚጠቀምበት አለማግኘቱ ነው።

ጽሑፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ጀመረ። ቀስ በቀስ ወደ ክፍለ ሀገራት ተስፋፋ፤ ነቀምቴም የራሷ ደም ባንክ ኖራት። ደሙን በብዛት ይሰጥ የነበረው ግን ዘመድ ነው። በቃሬዛ ወይም በጭነት መኪና የመጣ ቁስለኛ አስታማሚዎቹ እጃቸውን እየሰጡ ደሙን ይተኩለት ነበር፤ ዘመድ የሌለው ይጠብቅ ነበር።

ከ1976 እስከ 2013 እ.ኤ.አ.፦ ሠንጠረዡና ሥጋቱ

በየካቲት 1976 አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጄምስ ስታይነር ቤተሰባቸውን ይዘው በራሳቸው አነስተኛ አውሮፕላን ሲበሩ ነብራስካ ገጠር ውስጥ ወደቁ። ባለቤታቸው ወዲያው ሞቱ፤ ልጆቻቸው ቆሰሉ። በአቅራቢያው በነበረው ትንሽ ሆስፒታል የገጠማቸው ሕክምና አስቆጣቸው፤ እኔ ሜዳ ላይ ከሰጠሁት እርዳታ ሆስፒታል ያገኘሁት ካነሰ ሥርዓቱ ተሳስቷል አሉ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለገጠር ሐኪሞች ያዘጋጁት ሥልጠና በ1978 ተጀመረ፤ የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በ1980 ተቀበለውና በዓለም ተሠራጨ። ስለዚህ ዛሬ በትላልቅ ከተሞች የሚሰጠው ኤቲኤልኤስ የተባለው ሥልጠና፣ መነሻው እንደ ጊምቢና እንደ ነጆ ያለ ሩቅ ስፍራ ችግር ነው።

ሥልጠናው የደም መጥፋትን በአራት ደረጃ ከፈለ። ጎልማሳ ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው። እስከ 750 ሚሊ ሊትር ቢያጣ ብዙም አይታወቅበትም። እስከ አንድ ሊትር ተኩል ሲያጣ ምቱ ከ100 ያልፋል፤ ላይኛው ግፊት ግን ገና አልወረደም። ከዚያ አልፎ እስከ ሁለት ሊትር ሲደርስ ምቱ ከ120 ይበልጣል፣ ግፊቱም ይወድቃል። ከሁለት ሊትር በላይ ሞት ደጅ ላይ ነው። ሠንጠረዡ አንድ እውነት በሐኪም ጭንቅላት ውስጥ ተከለ፦ ግፊት እስኪወርድ የጠበቀ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ደም እስኪፈስ ጠብቋል።

ቆይቶ ግን ሠንጠረዡ ከእውነተኛው ሕመምተኛ ይልቅ የተስተካከለ ሆኖ ተገኘ። በ2013 ማኑኤል ሙችለርና ባልደረቦቻቸው በትልቁ የጀርመን የአደጋ መዝገብ ውስጥ ሲፈትሹት ብዙ ቁስለኞች በየትኛውም ደረጃ በትክክል አልገቡም፤ ምታቸው ሠንጠረዡ እንደሚለው አልጨመረም። በዚያው ዓመት እነዚሁ ሰዎች የ21,853 ቁስለኞችን መረጃ ይዘው ወደ አልጎወርና ቡሪ ማካፈል ተመለሱ። ከ0.6 በታች፣ ከ0.6 እስከ 1፣ ከ1 እስከ 1.4፣ ከ1.4 በላይ ብለው ሲመድቧቸው ደረጃው በጨመረ ቁጥር የተሰጠው ደምም የሞተውም ሰው ጨመረ። የአርባ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያለው የወረቀት ስሌት እንዲህ ተመልሶ ከበሬታ አገኘ።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሌላ ነገር የደምን ነገር ለወጠው። ኤች አይ ቪ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ ደም የሕይወት ብቻ ሳይሆን የበሽታም መተላለፊያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ሁለት ፊት አለው፤ ማን ደም እንደሚያስፈልገው ማወቅ እንዳለ ሆኖ፣ ማን ሳይወስድ እንደሚድን ማወቅም እኩል ከበደ። ዘመድ ተጨንቆ የሚሰጠው ደም፣ ሰው ፈቅዶ በየጊዜው ከሚለግሰው ያነሰ አስተማማኝ መሆኑም ታወቀ። በ2004 ዓ.ም. የደም ባንኮች ከቀይ መስቀል ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወሩ ዓላማው ሙሉ በሙሉ ከበጎ ፈቃደኞች መሰብሰብ ሆነ።

ከ2004 እስከ 2017 እ.ኤ.አ.፦ ነጥብ አሰጣጡ ሲበዛ

አዲሱ ምዕተ ዓመት የነጥብ ዘመን ነው። በ2009 ቲሞቲ ኑኔዝና ባልደረቦቻቸው ናሽቪል ላይ ኤቢሲ የሚባለውን አወጡ። አራት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ ጉዳቱ የሚወጋ ነው ወይ? ላይኛው ግፊት 90 ወይም ከዚያ በታች ነው? ምቱ 120 ወይም ከዚያ በላይ ነው? በአልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ ደም ታይቷል? ሁለቱ አዎ ከተባሉ ብዙ ደም ይዘጋጅ። «ብዙ ደም» ሲባል በዚያ አገር በ24 ሰዓት ውስጥ አሥር ከረጢትና ከዚያ በላይ ማለት ነው። አሥር ከረጢት ለአንድ ሰው! ወለጋ ውስጥ ያለ ትንሽ ሆስፒታል ማቀዝቀዣው ውስጥ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ካገኘ ዕድለኛ ነው። ስለዚህ ጥያቄው እዚህ ሲደርስ መለወጥ አለበት፤ «አሥር ያስፈልገው ይሆን?» ከማለት «አንድም ቢሆን ያስፈልገው ይሆን? አሁኑኑ ማንን ልጥራለት?» ወደ ማለት።

በአፍሪካ ምድር የተወለደው ዘዴ ለዚህ ይቀርባል። በ2004 ኬፕታውን ላይ የተሰባሰቡ ባለሙያዎች ያዘጋጁት የደቡብ አፍሪካ ትሪያጅ (የሕመምተኞችን አጣዳፊነት መለያ)፣ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ ላይኛውን ግፊት፣ ሙቀትን፣ ንቃትን፣ መራመድ መቻልንና ጉዳት መኖሩን ነጥብ እየሰጠ ይደምርና ሕመምተኛውን በቀለም ይለያል፤ ድምሩ 7 ከደረሰ ቀይ ነው። የሚሠራው በነርስ ነው፤ ሐኪም አይጠብቅም። በ2010 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይህንኑ ትሪያጅ ወደ አገሩ አስገባው። ነቀምቴ ላይ የተመሠረተው የአርበኞች ማኅበር ስም የተሸከመው ሆስፒታል ከነቀምቴ ሪፈር የሚላኩ ቁስለኞች ማረፊያ ነበርና ግንኙነቱ የስም ብቻ አልሆነም። ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን በዚያው ሰሞን ተጀመረ፤ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቶ ኋላ የራሱን ሪፈራል ሆስፒታል አቋቋመ፤ አምቡላንስም በየወረዳው ታደለ።

ከአደጋ ወጣ ብለን እናቶችን ካየን፣ ሾክ ኢንዴክስ ኢትዮጵያን በቀጥታ ነክቷል። ክሬድል የተባለ አነስተኛ የግፊት መለኪያ ምትና ግፊትን ራሱ አካፍሎ በትራፊክ መብራት ቀለም ያሳያል፤ ከ0.9 በታች አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ቢጫ፣ ከ1.7 ጀምሮ ቀይ። በ2016 እና 2017 ኢትዮጵያን (አዲስ አበባ ላይ) ጨምሮ በስምንት አገሮች ተፈተነ። ጥናቱ መሣሪያው ብቻውን ሞትና ከባድ ጉዳትን እንደቀነሰ አላረጋገጠም። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ቁጥሩ ቀይ ሲበራ ከጀርባው የሚንቀሳቀስ ሰው፣ መኪናና ደም ከሌለ መብራት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ፦ ሪፈር ወረቀቱ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ካማሺ ዞን የተነሳው ግጭት በአሥር ሺሕዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ወደ ምሥራቅ ወለጋ አፈናቀለ። ከዚያ በኋላ በወለጋ ዞኖች የቆየው የትጥቅ ግጭት ጥይትን የዘወትር የጉዳት ምክንያት አደረገው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በአብዛኛው ምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የስልክ መቋረጥ ለዚህ ታሪክ ምኑ ነው ለሚል፣ ነገሩ ይህ ነው፦ ግምት የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ሰው ሲነገር ነው። ጤና ጣቢያው «ምቱ 130፣ ግፊቱ 90 የሆነ ቁስለኛ እየመጣ ነው» ብሎ መደወል ካልቻለ፣ ሆስፒታሉ ደም የሚፈልገው መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። ያለፈው ሰዓት ሁሉ ይባክናል።

ደምቢ ዶሎ ከነቀምቴ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ነቀምቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ 330 ያህል። ናሽቪልና ጀርመን የተሠሩት ነጥቦች ቶሎ ሆስፒታል በደረሱ ሰዎች ላይ የተመዘኑ ናቸው። እኛ ጋ የሚደርሰው ብዙ ሰዓት ተጉዞ የተረፈው ነው፤ መንገድ ላይ ግሉኮስ ተንጠልጥሎለት ደሙ ቀጥኖ፣ ግፊቱ ለጊዜው ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ከዴዴሳ ሸለቆ የመጣ ወጣት ወባ ይዞት ትኩሳቱ ምቱን ያፋጥነው ይሆናል። ነፍሰ ጡር ሴት በተፈጥሮ ምቷ ፈጣን ነው። ሲሠራ የኖረ ጠንካራ ገበሬ ደግሞ ብዙ ደም እየፈሰሰውም ምቱን ይዞ ይቆይና ድንገት ይወድቃል። ስለዚህ 0.9ም ሆነ 1 እዚህ ልክ ይሁን አይሁን በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ሕመምተኞች ላይ መመዘን አለበት። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመሥራት ከማንም የቀረበ ነው፤ የሚያስፈልገው በትክክል የተሞላ ካርድ ነው።

እስከዚያው ከአንድ ቁጥር የሚበልጥ ነገር በእጃችን አለ። አንድ ቁስለኛ ነቀምቴ እስኪደርስ በጤና ጣቢያ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ በአምቡላንስ ውስጥ ምቱና ግፊቱ ይለካል። ምቱ ከ96 ወደ 112፣ ከዚያ ወደ 128 ከሄደ፣ ሦስቱ ቁጥሮች በተርታ ከተጻፉ፣ መልሱን የትኛውም ሐኪም ያነበዋል። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ልኬት ነው፤ ያውም ሰዓት የሌለው።

በየጤና ጣቢያው ያላችሁ ነርሶችና ጤና መኮንኖች፣ ሪፈር ስትጽፉ ቢያንስ ሁለት ልኬት ከነሰዓቱ ጻፉ፤ ምቱን ለግፊቱ አካፍሉና ውጤቱን ከጎኑ አስፍሩ፤ መኪናው ሳይነሳ ለተቀባዩ ሆስፒታል ደውሉ። አንባቢም ድርሻ አለዎት፤ ግምቱ ትክክል ሆኖ ማቀዝቀዣው ባዶ ከሆነ ማንም አይድንም። ጤነኛ ከሆኑ፣ ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ከሆነና ከ45 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ከሆነ በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላሉ። ነቀምቴ ካሉ የከተማዋ ደም ባንክ ይቀበልዎታል።